የቻይልድ ሳፖርት ቢሮው ጠበቃ የማን ጠበቃ ነው?

ጥያቄው፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከአባቷ ጋር አልተጋባንም። ስትወለድ ሆስፒታል አልመጣም። አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እየኖረ ኡበር ይነዳል። ሥራዬ ሲቀንስ የካሽ ዕርዳታ ጠየቅኩ፤ የአባቷን ስም ስጪ አሉኝ፤ ሰጠሁ። አሁን ከቻይልድ ሳፖርት (የልጅ ቀለብ) ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ። እሱ ደውሎ ‹ልጅቷ የእኔ አይደለችም፤ ደግሞ ከአገር ልታስባርሪኝ ነው› አለኝ። ዘመዶቼም ‹ወገን ወገኑን መንግሥት ጋ ይከሳል እንዴ? በሽማግሌ ጨርሱት› ይሉኛል። ቢሮው ጠበቃ ሰጠኝ ማለት ነው? ኬዙን መዝጋት እችላለሁ? ዲ ኤን ኤውን ማን ይከፍላል? ልጄን ሊወስድብኝ ይችላል?»

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት አንዱን ነገር ልንገርሽ፤ እሱን ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው። በቀጠሮሽ ቀን አጠገብሽ የምትቆመው የቢሮው ጠበቃ የአንቺ ጠበቃ አይደለችም። የአባትየውም አይደለችም። የስቴቱ ጠበቃ ናት። ፈገግ ብላ ታናግርሻለች፣ ወረቀትሽን ታዘጋጃለች፣ ዳኛው ፊት ስለ ልጅሽ ገንዘብ ትከራከራለች፤ ይህ ሁሉ ለአንቺ ይጠቅማል። ግን የነገርሻትን በምስጢር የመያዝ ግዴታ የለባትም፤ የአንቺና የስቴቱ ጥቅም የተለያየ ቀን ደግሞ የምትቆመው ከስቴቱ ጋር ነው። በቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃነት በቆየሁባቸው ዓመታት እናቶቻችንን በጣም ሲጎዳ ያየሁት ይህን አለማወቅ ነው። አንዷ ደንበኛዬ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆማ ቅዳሜና እሁድ ሬስቶራንት ውስጥ በካሽ እንደምትሠራ ለቢሮው ጠበቃ አጫውታታለች። የራሷ ጠበቃ መስላት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ገቢ ሒሳቡ ውስጥ ገባ። ጠበቃዋ ምንም አላጠፋችም። ሥራዋ ነው። ገቢሽን ደብቂ እያልኩሽ አይደለም፤ ዳኛ ፊት መዋሸት ከሁሉም የከፋ ነው። ለማን ጆሮ እያወራሽ እንደሆነ ግን እወቂ።

ታዲያ መንግሥት በእናትና በአባት መሃል ምን አገባው? ነገሩ የሚጀምረው ከዕርዳታው ገንዘብ ነው። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ የፈረሙት ሕግ እያንዳንዱ ስቴት እንዲህ ያለ ቢሮ እንዲያቋቁም አደረገ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ አባት ማሳደግ ያለበትን ልጅ መንግሥት በዌልፌር እያሳደገ ከሆነ፣ መንግሥት ያወጣውን ከአባት ያስመልስ። በኋላ አገልግሎቱ ዕርዳታ ለማይቀበሉ ወላጆችም ተከፈተ፤ ማንም ሰው ማመልከት ይችላል። ሥሩ ግን ያው ነው። አንቺ የካሽ ዕርዳታውን ስትፈርሚ፣ ዕርዳታ በምትቀበይበት ጊዜ ያለውን የቻይልድ ሳፖርት መብትሽን ለስቴቱ አስተላልፈሻል። ከወረቀቱ ክምር ውስጥ አንዱ ይህን ነበር የሚለው። ስለዚህ አባትየው ሲከፍል ገንዘቡ በሙሉ ወዲያው ወደ አንቺ አይመጣም። ሜሪላንድ ከሚሰበሰበው ላይ ለአንድ ልጅ በወር እስከ 100 ዶላር፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች እስከ 200 ዶላር ለቤተሰቡ ታሳልፋለች፤ የቀረውን ለሰጠችሽ ዕርዳታ ማካካሻ ትይዘዋለች። ዕርዳታው ሲቋረጥ የየወሩ ክፍያ ወደ አንቺ ይዞራል።

«መዝጋት እችላለሁ?» ላልሽው መልሱ ከዚህ ይወጣል። የካሽ ዕርዳታ እስከወሰድሽ ድረስ ኬዙ የአንቺ ብቻ ስላልሆነ ብቻሽን አትዘጊውም። አልተባበርም ካልሽ የፌዴራሉ ሕግ ከዕርዳታሽ ቢያንስ 25 በመቶ እንዲቀነስ ያዛል፤ ስቴቱ ከፈለገ ሙሉ በሙሉ ሊከለክልሽም ይችላል። የልጅሽ ሜዲኬድ (የመንግሥት የሕክምና ሽፋኗ) ግን በአንቺ አለመተባበር አይነካም። ይህን የምነግርሽ ሆን ብዬ ነው፤ «ልጄ ሕክምና ታጣለች» ብለው ሌሊቱን ሳይተኙ የሚያድሩ እናቶች ስላሉ።

አንድ ትልቅ በር ደግሞ አለ። አባትየው መትቶሽ ወይም አስፈራርቶሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ስሙን መስጠት ወይም ኬዙ መቀጠሉ አንቺን ወይም ልጅቷን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ በቂ ምክንያት አለኝ ብለሽ ከመተባበር ግዴታው ነፃ እንድትደረጊ መጠየቅ ትችያለሽ። ኬዙ ይቀጥል ብትይ እንኳ አድራሻሽ ለእሱ እንዳይገለጥ ፋይሉ ላይ ምልክት ይደረጋል። ይህን ለኬዝ ወርከርሽ በግልጽ ተናገሪ። «ትንሽ ይቆጣል» እያልሽ አታለሳልሺው። በእኛ ዘንድ የቤት ገመና አይወራም፤ እዚህ ግን ያልተነገረው ነገር ፋይል ውስጥ የለም፣ ፋይል ውስጥ የሌለውን ደግሞ ማንም አያይልሽም።

ወደ አባትነቱ እንምጣ። በሜሪላንድ አባትነት በዋናነት በሦስት መንገድ ይጸናል። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ የባልየው ልጅ ነው ተብሎ ይገመታል። ሁለተኛው፣ ያልተጋቡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ የሚፈርሙት የአባትነት ቃለ መሐላ ነው። እሱ ሆስፒታል ስላልመጣ ይህ የለም። ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ የአንቺ መንገድ ይኸኛው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ምክንያቱም በማኅበረሰባችን ደጋግሞ ይመጣል። ልጅቷ ስትፀነስ ወይም ስትወለድ በወረቀት የሌላ ሰው ሚስት ነበርሽ? አገር ቤት የቀረ፣ ከተለያያችሁ ዓመታት ያለፉት፣ ግን ፍቺው በፍርድ ቤት ያላለቀ ባል አለሽ? ካለ በሕግ ፊት የልጅሽ አባት እሱ ነው ተብሎ ሊገመት ስለሚችል ያንን ግምት መጀመሪያ ማፍረስ ያስፈልጋል። ማፍረስ ይቻላል፤ ግን ችሎት ቀን ላይ ድንገት ሲወጣ ኬዙን ለወራት ያጓትተዋል። አሁኑኑ ለቢሮው ንገሪ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እሱ «የእኔ አይደለችም» ማለቱ ራሱ ምንም ጥፋት የለበትም። መብቱ ነው። ቢሮውም «ጥሩ፣ እንመርመር» ነው የሚለው። ምርመራው ደም መቅዳት የለውም። ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ጫፍ ማሸት ብቻ ነው፤ ልጅቷ አታለቅስም። ሦስታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘትም የለባችሁም፤ እሱ ቨርጂኒያ፣ እናንተ ሜሪላንድ፣ በተለያየ ቀን መስጠት ትችላላችሁ። ወጪውን መጀመሪያ ቢሮው ይሸፍናል፤ አባትነቱ ከተረጋገጠ ከእሱ ሊያስመልስ ይችላል። ውጤቱ በመቶኛ ይመጣል፤ ብዙ ስቴቶች 99 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን አባት ነው ብለው ይነሳሉ። ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ የምታደርጉት ምርመራ ግን አይሆንም። ጉንጩ የማን እንደነበር፣ ናሙናው በማን እጅ እንዳለፈ የሚመሰክር የለማ! አንድ ወንድም ያንን ሠርቶ «አባት አይደለህም» የሚል ወረቀት ይዞ ችሎት መጣ፤ ዳኛው አላዩትም፤ እንደገና ተመረመረ፤ አባት ሆኖ ተገኘ።

መጥሪያ ደርሶት ዝም ቢል፣ ቢቀርስ? አንዳንዶቹ ወንድሞቻችን ወረቀቱን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ከተው ነገሩ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። አያልፍም። መጥሪያው በሕጉ መሠረት እንደደረሰው ከተረጋገጠ፣ እሱ በሌለበት አባት ነው ተብሎ ሊወሰን ይችላል። ከዚያ በኋላ «እኔኮ አልነበርኩም» ማለት በጣም አስቸጋሪ ነው።

ይህን የሚያነቡ ወንዶችም አሉና ለእነሱም አንድ ቃል ልበል። ሆስፒታል ውስጥ ቃለ መሐላው ሲሰጥህ ልብህ ውስጥ ጥርጣሬ ካለ አትፈርም፤ ምርመራ ጠይቅ፤ ማንም አያስገድድህም። ከፈረምክ ለመሰረዝ ያለህ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ ልጁ ችሎት ከተቀመጠ ደግሞ እስከዚያው ብቻ። ከዚያ ወዲያ ማጭበርበር፣ ማስገደድ ወይም መሠረታዊ የፍሬ ነገር ስህተት ነበር ብለህ ፍርድ ቤት ማስረዳት አለብህ፤ ሸክሙ የአንተ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር፣ አልገባኝም ብሎ ከ5 ዓመት በኋላ መምጣት እጅግ ከባድ ነው።

አባትነት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። አባቷ ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ ቢሞት ወይም አካል ጉዳተኛ ቢሆን፣ ልጅሽ በእሱ ሶሻል ሴኩሪቲ በኩል በቀላሉ ጥቅም ልታገኝ የምትችለው አባትነቱ በወረቀት ሲኖር ነው። የጤና ኢንሹራንሱ፣ ውርሱ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ያለው የበሽታ ታሪክ፣ ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ደግሞ ለዘመዶችሽ ይህን ንገሪልኝ፤ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ከሌላው አያንስም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በአንድ የቴክሳስ ጉዳይ፣ ስቴቱ በጋብቻ ለተወለዱ ልጆች የሰጠውን ቀለብ የመጠየቅ መብት ያለ ጋብቻ ለተወለዱት ሊነፍግ አይችልም ብሏል። የእኛው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። እዚያም እዚህም ተጽፏል።

ስንት ይከፍላል? ሜሪላንድ የሁለታችሁንም ገቢ ደምራ ከሰንጠረዥ ላይ የልጅቷን መሠረታዊ ወጪ ታወጣና በየድርሻችሁ ታካፍለዋለች። ሰንጠረዡ ከ2022 ወዲህ በወር እስከ 30,000 ዶላር ድምር ገቢ ይሄዳል፤ ያ ለብዙዎቻችን የሚያሳስብ ቁጥር አይደለም። ነገሩ እንዲገባሽ፣ እሱ በወር 3,000 አንቺ 2,000 ብታገኙ የእሱ ድርሻ 60 በመቶ ነው። ሥራ ስትሄጂ ለልጅ ጠባቂ በወር 1,000 ዶላር የምትከፍይ ከሆነ ከዚያ ላይ 600ው የእሱ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የልጅ ጠባቂዋን ደረሰኝ ያዢ። ጎረቤት ቤት ለእትዬ እገሊት በካሽ የምትከፍይ ከሆነም በየወሩ ትፈርምልሽ። ልጅቷ በዓመት 92 ሌሊትና ከዚያ በላይ እሱ ጋ የምታድር ከሆነ ስሌቱ ይቀየራል፤ ለዚህ ነው አንዳንድ አባት ክፍያ ሲመጣበት ድንገት ሌሊት መቁጠር የሚጀምረው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከልቡ ልጁን ስለሚፈልግ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዪ።

የኡበሩ ገቢ ትንሽ ይከብዳል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ገቢ ማለት ከጠቅላላ ገቢው ላይ ለሥራው በእርግጥ ያወጣው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው፤ ነዳጅ፣ ጥገና፣ እንዲህ ያለው። ታክስ ላይ የተቀነሰ ሁሉ ግን እዚህ አይቀነስም። በታክስ ወረቀቱ 14,000 ዶላር አገኘሁ የሚል ሰው በባንኩ ውስጥ 50,000 ሲያልፍ ዳኛው ይጠይቃሉ። ሆን ብሎ ሥራ የሚቀንስ ሰው ካለም ፍርድ ቤቱ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገቢ ገምቶ ይቆጥርበታል። ሌላው፣ በየወሩ አገር ቤት ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ አለ። ይህን ዳኛ ፊት እንባ እያነቀው የተናገረ ሰው አይቻለሁ፤ እኔም ልቤ ተነክቷል። ስሌቱ ውስጥ ግን ለዚያ የሚሆን መስመር የለም። የሌላ ልጅ ቀለብ ይታያል፤ የወላጅ መጦሪያ አይታይም።

ከመቼ ጀምሮ ይታሰባል ብትይ፣ በአብዛኛው ማመልከቻው ፍርድ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። «እስኪ ሽማግሌዎቹ ይሞክሩ» እየተባለ 8 ወር ካለፈ ያ 8 ወር ሊቀር ይችላል።

ሽማግሌን አልንቅም። ብዙ ቤተሰብ ሲያድኑ አይቻለሁ። ግን የልጅ ቀለብ የልጅቷ መብት ስለሆነ እናትና አባት ቤት ውስጥ ተስማምተው «ትቼዋለሁ» ሊሉት አይችሉም፤ ፍርድ ቤቱ አይገደድበትም። ሽማግሌዎቹ የሚጠቅሙት ሌላ ቦታ ነው። ልጅቷን መቼ ያያታል፣ ገናን የት ታሳልፋለች፣ ክርስትናዋ ወይም ሰደቃዋ ላይ ማን ይጠራል፣ ማን በማን ስልክ ላይ አይጮኽም፣ እነዚህን እነሱ ይጨርሱ። ገንዘቡን ስምምነትም ቢሆን አጽፋችሁ ዳኛ ይፈርምበት።

ትዕዛዙ ከወጣ በኋላ ክፍያው በስቴቱ የክፍያ ማዕከል በኩል ይሂድ። በእጅ የሰጠው፣ በዜል የላከው፣ ዳይፐር የገዛው እንደ ስጦታ ሊቆጠርበት ይችላል። ይህን ለእሱም ንገሪው፤ ለሰላማችሁ ይጠቅማል። «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚለው ጠብ ብዙ ቤት አፍርሷል።

ካልከፈለስ? የቢሮው ጉልበት ያለው እዚህ ነው፤ የግል ጠበቃ ከፍለሽም እንዲህ ያለ መሣሪያ አታገኚም። ደሞዝ ላይ ይቆርጣል። አሠሪ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር በ20 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ስላለበት ሥራ ቀይሮ መጥፋት ቀላል አይደለም። ከደሞዝ የሚቆረጠው ወሰን አለው፤ ሌላ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ከሆነ ከተጣራ ገቢው እስከ 50 በመቶ፣ ካልሆነ 60፣ ከ12 ሳምንት በላይ ውዝፍ ካለበት በሁለቱም ላይ 5 ይጨመራል። የታክስ ሪፈንዱን ይይዛል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርት አይሰጠውም። የባንክ ሒሳቡን ሊይዝ ይችላል። መንጃ ፈቃዱንም ሊያሳግድ ይችላል፤ እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳን ሰው ላይሰንስ ማገድ ብዙ ጊዜ ልጁንም ነው የሚቀጣው። የማገጃ ማስጠንቀቂያ ሲመጣው ዝም ሳይል፣ ሥራዬ በዚህ ነው ብሎ ይጠይቅ፣ የክፍያ ስምምነት ያድርግ። ቢሮው ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ዝም ላለው ግን ማሽኑ በራሱ ይሄዳል።

ለራሱ ለሚሠራ ሰው የደሞዝ ቆረጣው ይላላል፤ ስለዚህ በአንቺ ጉዳይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለአንዳንድ እናት በየወሩ ሳይሆን በዓመት አንዴ፣ የታክስ ጊዜ ሲደርስ ነው ገንዘቡ ዱብ የሚለው። ዕርዳታ ተቀብላ የማታውቅ እናት ደግሞ ቢሮው በዓመቱ ቢያንስ 550 ዶላር ሲሰበስብላት 35 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለባት፤ አንቺን አይመለከትም።

ገቢው ቢወድቅ፣ መኪናው ቢሰበር፣ ቢታመም ያኔውኑ ማመልከት ያለበት እሱ ነው። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያለፈውን ውዝፍ ዳኛ እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይቀንስ ከልክሏል። የሚስተካከለው ማሻሻያ ከጠየቀበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው። በኮቪድ ጊዜ ሥራ ያጡ፣ «ሲከፈት አስተካክላለሁ» ብለው የቆዩ ስንት ሰዎች ብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ተሸክመው ቀሩ! አንድ ገጽ ወረቀት ያኔ ቢያስገቡ ኖሮ።

እስር ይኖራል ወይ? ሊኖር ይችላል፣ ግን ለድሃ አይደለም። መክፈል እየቻለ እምቢ ላለ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ከሳውዝ ካሮላይና በመጣ ጉዳይ፣ በእንዲህ ያለ ችሎት ጠበቃ የማግኘት መብት በራሱ የሚመጣ ባይሆንም፣ ሰውየው የመክፈል አቅም አለው ወይ የሚለው በትክክል ሳይጣራ መታሰር እንደሌለበት ወስኗል።

«ታስባርሪኛለሽ» ስላለው። የቻይልድ ሳፖርት ቢሮ የኢሚግሬሽን ቢሮ አይደለም። ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ኬዝ ስለተከፈተበት፣ ዲ ኤን ኤ ስለሰጠ፣ ክፈል ስለተባለ ማንም ከአገር አይባረርም። የሚጎዳው ተቃራኒው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዜግነት ሲያመለክት ልጆችህን ትረዳለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ እየቻለ ሆን ብሎ ያልረዳ ሰው መልካም ጠባይ የሚለውን መስፈርት ላያሟላ ይችላል። በየወሩ የከፈለበት የቢሮው መዝገብ ያኔ ለእሱ ማስረጃው ነው።

«ልጄን ይወስድብኛል?» ይህ ፍርሃት ብዙ እናት ዝም ያሰኛል። ቢሮው ስለ ማሳደግ መብትና ስለ ጉብኝት አይሠራም። ፍቺም አይሠራም። አራት ነገር ነው የሚያደርገው፤ አባትን ይፈልጋል፣ አባትነትን ያጸናል፣ ክፍያውን ያስወስናል፣ ያስከብራል። አባትነቱ ሲጸና ግን እሱም በሕግ ወላጅ ይሆናልና ለብቻው ፍርድ ቤት ሄዶ ልጄን ልይ፣ ላሳድግ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ዳኛው የሚያዩት የልጅቷን ጥቅም ነው። 2 ዓመት ያሳደግሻት አንቺ ነሽ፤ ያ ከባድ ሚዛን አለው። አንድ ነገር ግን አታድርጊ፤ ካልከፈለ አላሳይም አትበይ። እሱም ካላሳየችኝ አልከፍልም ማለት አይችልም። ሁለቱ በሕግ የተለያዩ ናቸው። በዚህ በኩል እርዳታ ከፈለግሽ በየካውንቲው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ያለውን የቤተሰብ ጉዳይ የራስ አገዝ ማዕከል ጠይቂ፤ የአንቺ ሮክቪል ነው።

እሱ ቨርጂኒያ መሆኑ ኬዙን አያጠፋውም። ስቴቶች ሁሉ ለዚህ አንድ ዓይነት ሕግ ተቀብለዋል። እዚህ አብራችሁ ኖራችሁ ከነበረ፣ ወይም ልጅቷ የተፀነሰችው እዚህ ከሆነ፣ ሜሪላንድ ራሷ ልትይዘው ትችላለች፤ ካልሆነ ወደ ቨርጂኒያው ቢሮ ታስተላልፋለች። ልዩነቱ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትዕዛዙን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ የቨርጂኒያ ቢሮ ግን ያለ ፍርድ ቤትም በራሱ አስተዳደራዊ ትዕዛዝ ማውጣት ይችላል። ከዚያ የሚመጣ ፖስታ ተራ ማስታወቂያ መስሎት እንዳይጥለው።

አገር ቤት ቢገባስ? እዚህ ላይ የቢሮው እጅ ያጥራል። አሜሪካ የ2007ቱን የሄግ የልጅ ቀለብ ስምምነት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምራ ትሠራበታለች፤ ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። ትዕዛዙ አይሞትም፤ ውዝፉ ይቆጠራል፤ ሲመለስ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ላይ እንዲከፍል ማድረግ ከፈለግሽ ግን በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እዚያው ፍርድ ቤት ቀለብ መጠየቅ ነው መንገዱ፤ ለዚያ የኢትዮጵያ ጠበቃ ያስፈልግሻል።

የመጨረሻው ስለ ቋንቋ ነው። ፍርድ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብለሽም ጠይቂ። የአክስትሽን ልጅ ይዘሽ አትምጪ። ዳኛው ሲጠይቁ ከአክብሮት የተነሣ ራስ መነቅነቅ፣ «የስ፣ የስ» ማለት ልማዳችን ነው፤ እዚያ ግን «የስ» ማለት ተስማማሁ ነው፤ ይጻፋል። ጉዳይሽን የሚሰሙት ማጅስትሬት (ጉዳይ ሰምተው ለዳኛ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርቡ ሹም) ከሆኑና ባቀረቡት ሐሳብ ካልተስማማሽ ተቃውሞ ለማስገባት ያለሽ ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው።

አሁን ደብዳቤውን አውጪና ሁለት ነገር ፈልጊበት፤ የኬዝ ቁጥሩንና የቀጠሮውን ቀን። ቀኑ ካለፈ ዛሬውኑ ደውይ። ካላለፈ የልጅቷን የልደት ወረቀት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወር የደሞዝ ወረቀትሽን፣ የልጅ ጠባቂዋን ደረሰኝ፣ የእሱን ሙሉ ስምና የምታውቂውን አድራሻ፣ ከእሱ ጋር የተጻጻፋችሁትን መልእክት ይዘሽ ሂጂ። ያ የጠየቅኩሽ የጋብቻ ጉዳይ ካለም ከመሄድሽ በፊት ጻፊልኝ፤ እሱ ካለ የምመክርሽ ይለወጣል።